ሱቃቸውን ሳይዘጉ ዓሊም የሆኑት ነጋዴ

ረመዳን ሲገባ በብዙዎቻችን ቤት አንድ ምኞት ይነሳል። ያቋረጥነውን ኪታብ እንቀጥል፣ የቁርኣን አቀራራችንን እናስተካክል፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ልባችን የወደደውን ነገር እንያዝ እንላለን። ዒድ አልፎ የሱቁ ኪራይ፣ የቢሮው ሥራና የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲከታተሉ ግን ምኞቱ ተመልሶ ወደ መደርደሪያው ይወጣል። ኑሮ ሲደላደል እንመለስበታለን ብለን እናቆየዋለን። በዛሬው የረመዳን ገጻችን የምናወሳቸው ሰው እንዲህ አላደረጉም። የወደዱትን ለመያዝ ኑሯቸውን አልተዉም፤ ለኑሯቸው ብለውም የወደዱትን አልጣሉም። እኚህ ሰው ታላቁ ኢማም አቡ ሐኒፋ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።

ስማቸው ኑዕማን ቢን ሳቢት ነው። በ80 ዓመተ ሂጅራ (699 እ.ኤ.አ.) በዛሬዋ ኢራቅ፣ በኩፋ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ ከፋርስ ወገን ሲሆን መተዳደሪያው ንግድ ነበር። ወጣቱ ኑዕማንም ኸዝ የተባለውን ከሐርና ከሱፍ የሚሠራ ውድ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ጠዋት ገበያ፣ ማታ ቤት፤ ሕይወታቸው በዚሁ የሚያልፍ ይመስል ነበር።

አንድ ቀን ወደ ገበያ ሲሄዱ ታዋቂው የኩፋ ዓሊም አሽ-ሸዕቢ አገኟቸው። ወዴት እንደሚመላለሱ ጠየቋቸው፤ መልሱ ገበያ ብቻ ሆነ። ሸዕቢ ግን በወጣቱ ውስጥ ንቃት አይተው ኖሮ ወደ ዑለማዎች እንዲቀርቡ መከሯቸው። ምክሩ ልባቸው ውስጥ ገባ። መጀመሪያ በእምነት ነክ ክርክር ስማቸው ተጠራ፤ ኋላ ግን ልባቸው ወደ ፊቅህ፣ ማለትም ሰው በየዕለት ኑሮው ሐላልና ሐራሙን ወደሚለይበት ዕውቀት አዘነበለ። በሐማድ ቢን አቢ ሱለይማን ሐለቃ ተቀምጠው ለ18 ዓመታት ያህል ደረሳ ሆኑ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ያለ ፈተና አላለፈም። ከዓመታት በኋላ የራሳቸውን ሐለቃ ለመክፈት ልባቸው ተነሳስቶ እንደነበር ይተረካል። በዚያው ሰሞን መምህራቸው ለቤተሰብ ሐዘን ወደ በስራ ሲሄዱ ቦታውን ለእርሳቸው ተዉላቸው። አቡ ሐኒፋ ከመምህራቸው ሰምተዋቸው የማያውቁ 60 ያህል ጥያቄዎች ቀረቡላቸው፤ መልሳቸውን ጽፈው አቆዩ። መምህሩ ተመልሰው ሲያዩት በ40ው ተስማሙ፣ በ20ው ግን አልተስማሙም። አቡ ሐኒፋ በዚህ አልተከፉም፤ መምህራቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ላይለዩዋቸው ማሉ። ሐማድ በ120 ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱ በቦታቸው የተቀመጡት፣ ዕድሜያቸው ወደ 40 የተጠጋው ይኸው ነጋዴ ነበሩ።

ሱቁስ? ሱቁ አልተዘጋም። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት ከረፋዱ እስከ ዙህር ገበያ ይቀመጡ ነበር፤ ሌላው ጊዜ ለማስተማርና ለዒባዳ ነበር። ቅዳሜን ለቤታቸው ጉዳይ ስለሚተዉ በዚያ ቀን ገበያም ሐለቃም አይገኙም ነበር ይባላል። እርሳቸው በሌሉበት ሱቁን የሚያንቀሳቅሱ ሸሪኮችም ነበሯቸው።

ዕውቀታቸው ሱቁ በር ላይ የሚቀር አልነበረም። አንዲት ሴት የሐር ልብስ ልትሸጥላቸው መጥታ 100 ጠየቀች። አቡ ሐኒፋ ልብሱ ከዚያ እንደሚበልጥ ነገሯት። በመቶ በመቶ እየጨመረች 400 ስትደርስም ከዚህም ይበልጣል ሲሏት የተቀለደባት መሰላት። ዋጋ የሚያውቅ ሰው ተጠርቶ ልብሱ በ500 ተገዛ። ሌላ ጊዜ ሐፍስ የተባለው ሸሪካቸው እንከን ያለበትን ጨርቅ ለገዢው ሳይናገር ሸጠው። ገዢው ማን እንደሆነ ሊታወቅ ስላልቻለ አቡ ሐኒፋ የጨርቁን ዋጋ በሙሉ ሶደቃ አደረጉት።

ሱቁም በተራው ዕውቀቱን አገለገለ። የገበያን ጠባይ የሚያውቁት በወሬ ሳይሆን በእጃቸው ነበር፤ ስለ ሽያጭ፣ ስለ ሰለም፣ ስለ ሙራበሓ በሰጡት ትንታኔ የነጋዴ ዓይን እንዳለበት አጥኚዎች ያስረዳሉ። ትርፋቸውም የደረሶች ቀለብና ልብስ ነበር። ከደረሶቻቸው አንዱ አቡ ዩሱፍ የድሃ ቤት ልጅ ነበሩ፤ ሥራ ሠርቶ ቤቱን እንዲረዳ ተብሎ ከሐለቃው ቀርተው ነበር። አቡ ሐኒፋ መጥፋታቸውን አይተው ጠየቁ፤ ምክንያቱን ሲያውቁ 100 ዲርሃም ሰጧቸው፤ ሲያልቅም ሳይጠየቁ ይጨምሩላቸው ነበር። ያ ልጅ በኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን የዳኞች ሁሉ የበላይ ለመሆን በቃ።

የሱቁ ትልቁ ጥቅም የታየው ግን በመከራ ጊዜ ነው። የኡመያዎች የኢራቅ ገዢ ኢብን ሁበይራ ሹመት ሰጣቸው፤ እምቢ በማለታቸው ተገረፉ። መንግሥት ተቀይሮ አባሲዶች ሲመጡ ኸሊፋ አል-መንሱር ቃዲ እንዲሆኑ ፈለገ፤ አሁንም እምቢ አሉ። በገዢ ደመወዝ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን እምቢታ ለመናገር አፉ ይከብደዋል። የእርሳቸው እንጀራ ግን ከገዛ ሱቃቸው የሚመጣ ነበር። በዚህ አቋማቸው ታሰሩ። ስለ አሟሟታቸው የሚነገረው ቢለያይም በ150 ዓመተ ሂጅራ (767 እ.ኤ.አ.) ባግዳድ ውስጥ አረፉ። የተቀበሩበት ሰፈር እስከ ዛሬ በማዕረግ ስማቸው አል-አዕዘሚያ ይባላል።

በዚያው በ150 ዓመተ ሂጅራ ኢማም አሽ-ሻፊዒ ጋዛ ውስጥ ተወለዱ። የሁለቱም መዝሀብ አገራችን ደርሷል፤ ወሎ ውስጥ ሐነፊው፣ ሐረር ውስጥ ደግሞ ሻፊዒው ለዘመናት ሲቀራ ኖሯል። በነዚያ የወሎ ሐሪማዎች ኪታብ ዘርግተው የተቀመጡ ደረሶች የአንድ ጨርቅ ነጋዴ የልብ ፍቅር የዘራውን ነበር የሚያጭዱት።

እንግዲህ በዚህ ረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ከልጆቻችን ጋር ስንቀመጥ ስለ ውጤታቸው ብቻ አንጠይቃቸው፤ ልባቸው የሚወደውንም እንጠይቃቸው፤ የራሳችንንም እንንገራቸው። ሸዕቢ ለአንድ ወጣት የሰጡት ጥቂት የምክር ቃል ምን እንዳፈራ አይተናል። የልጃችን ፍላጎት ሒሳብ፣ ስፌት ወይም ቂርኣት ሊሆን ይችላል። እኛም ሱቃችንን መዝጋት ወይም ሥራችንን መልቀቅ አይጠበቅብንም። ከዒድ በኋላም የማይነካ አንድ ሰዓት ለይተን ለምንወደው እንስጠው፤ ከእርሱ ያገኘነውንም ሚዛናችን ላይ፣ ጠረጴዛችን ላይ፣ ጓዳችን ውስጥ እናውለው። አቡ ሐኒፋ ከረፋዱ እስከ ዙህር ሸጠው፣ የቀረውን ጊዜ ይዘው ነው እዚያ የደረሱት።

ረመዳን ከሪም!