ስሙ በአንድ ፊደል የጠፋው በረኛ

እኔ የክፍላችን ቡድን በረኛ ነኝ። የበረኛን ነገር የቀመሰ ያውቀዋል፤ ዐሥር ኳስ ቢያድን ማንም አያስታውስለትም፥ አንዲት ካመለጠችው ግን ወሬዋ ሳምንት ሙሉ አይበርድም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ከቅጣት ክልሉ ወጥቼ ኳስ በእጄ እንዳልነካ የሚከለክለው ሕግ ነው። ይህ ሕግ ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ ነው እንግዲህ የሊ ሪችመንድ ሩስን ታሪክ ያገኘሁት። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

ሩስ በ1877 ዓ.ም. በዌልስ አገር፥ በሬክሳም ከተማ አጠገብ ባለችው በሆልት መንደር ተወለደ። አባቱ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ። በመንደሩ ትምህርት ቤት ለጥቂት ጊዜ ካስተማሩት መምህራን አንዱ ኋላ በልብ ወለድ መጻሕፍቱ ዝናው የወጣው ኤች. ጂ. ዌልስ ነበር (ስሙ ከአገሩ ስም ጋር ቢገጥምም ሰውዬው እንግሊዛዊ ነው)። ሩስም ከተማሪዎቹ እንደ ነበረ ይነገራል። ያ መምህር በዚያው መንደር ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ኩላሊቱ ክፉኛ ስለ ተጎዳ፥ የሆልት ልጆች ጨዋታ እንዴት ያለ እንደ ነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሩስ በአበሪስትዊዝ ኮሌጅ ተማረ፤ ከዚያም ሕክምና ለመማር ወደ ሎንዶን ሄደ፤ ነገር ግን ትምህርቱን ሳይፈጽም ኳሱ ወሰደው። ስቶክ፥ ኤቨርተን፥ ሰንደርላንድ፥ በመጨረሻም ዉልዊች አርሰናል እያለ ከብዙ ቡድኖች ጋር ተጫወተ። እንዲህ ከቦታ ቦታ መዘዋወር የቻለው ደመወዝ የማይቀበል አማተር ስለ ነበረ ነው። ወጪው ግን ይከፈለው ነበር፤ በዚህም ጌታው አልተቸገረም። አንድ ቀን ባቡር ቢያመልጠው ለብቻው ሌላ ባቡር ተከራይቶ ሂሳቡን ለቡድኑ ላከ ይባላል። እውነትም ይሁን ተረት፥ በዘመኑ የነበሩት ሰዎች ይህን አምነው ማውራታቸው ራሱ ጠባዩን ያሳያል።

ለአገሩ ለዌልስ ከ1900 እስከ 1911 ድረስ 24 ጊዜ ተሰለፈ። ዌልስ እንግሊዝን፥ ስኮትላንድንና አየርላንድን ቀድማ የአራቱን አገሮች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘችው በ1907 ሲሆን፥ በረኛዋ እርሱ ነበር። በ1908 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ሰንደርላንድ ኒውካስልን በገዛ ሜዳው 9 ለ 1 ሲያሸንፍም የአሸናፊዎቹን ጎል የጠበቀው ሩስ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልመለስ። በዚያን ዘመን በረኛ በራሱ ወገን ባለው የሜዳ እኩሌታ ውስጥ በየትም ቦታ ኳስ በእጁ መንካት ይፈቀድለት ነበር፤ የተከለከለው ኳሱን ይዞ መሮጥ ብቻ ነው። ሌሎቹ በረኞች ግን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል መቆምን ይመርጡ ነበር፤ ምክንያቱም አጥቂ በረኛን በትከሻው ገፍቶ ሊጥለው ሕግ ይፈቅድለታል። ሩስ ትልቅና ደፋር ስለ ነበረ ይህን አልፈራም። ኳሱን እያነጠረ እስከ ሜዳው መካከል ይወጣል፤ ከዚያም በእጁ አሽቀንጥሮ ወይም በእግሩ መትቶ ለአጥቂዎቹ ያደርስላቸዋል። በ1912 ዓ.ም. በረኛ ከቅጣት ክልሉ ውጭ ኳስ በእጁ እንዳይነካ ተደነገገ። በእርሱ ብቻ ምክንያት ነው ማለት ባይቻልም፥ የሕጉ መለወጥ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚጠራው ስም የሩስ ነው። እኔም በመጀመሪያ ተቀይሜው ነበር፤ የቀረውን ታሪኩን ሳነብ ግን ቂሜን ረሳሁት።

በ1910 ዓ.ም. ከኒውካስል ጋር ሲጫወት የእጁ አንጓ ተሰበረ፤ ከዚያም በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በሕክምና ጓድ ተመዝግቦ በፈረንሳይ፥ ቀጥሎም በገሊፖሊ ቁስለኞችን አገለገለ። በ1916 ደግሞ በሮያል ፊውዚሊየርስ ክፍለ ጦር በ9ኛው ሻለቃ ተራ ወታደር ሆኖ ወደ ሶም ዘመተ። በነሐሴ ወር ጀርመኖች እሳት በሚተፋ መሣሪያ አደጋ ሲጥሉ ልብሱ ተቃጠለ፥ ጢሱም ሊያፍነው ደረሰ። ወደ ሐኪም ሂድ ቢሉት እንቢ ብሎ ክንዱ እስኪዝል ድረስ ቦምብ ወረወረ፤ ክንዱ ሲዝልበትም ጠመንጃ አነሣ። ኳስ እስከ ሜዳው መካከል የወረወረ ክንድ ነበር። ስለዚህ ሥራው የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ።

ጥቅምት 7 ቀን 1916 ዓ.ም. በዚያው በሶም ጦር ሜዳ በጥቃት ላይ ሳለ ወደቀ። ዕድሜው 38 ዓመት ነበር፤ ሬሳውም አልተገኘም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ወደ ክፍለ ጦሩ ሲገባ ስሙ ሩስ በመባል ፈንታ ራውስ ተብሎ ተመዝግቧል፤ በእንግሊዝኛ የአንድ ፊደል ልዩነት ብቻ ነው። ቤተሰቦቹ የመጨረሻ ወሬውን የሰሙት ከገሊፖሊ ነበርና እዚያ የሞተ መስሏቸው ብዙ ዘመን ኖሩ። በ1932 ዓ.ም. በፈረንሳይ በቲየፕቫል መቃብር ላልተገኘላቸው ከ72,000 በላይ ለሚሆኑ ወታደሮች ሐውልት ሲመረቅ፥ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ያው የተሳሳተው ስም ነበር። ስታዲዮም ሙሉ ሕዝብ ሲጠራው የኖረው ሰው፥ ዘመዶቹ በሌላ አገር ሞቷል ብለው ሲያዝኑለት፥ እርሱ በራውስ ስም ከጓደኞቹ መካከል ነበር።