ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ ነቃፊውና ሹሙ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከአርትስ ፋኩልቲ አምስት ሆነን ወደ አቃቂ ወርደን ነበር። በቃሊቲ ጉምሩክ ዙሪያ የተሰለፉትን የጭነት መኪናዎች አልፈን አሮጌው ምድር ባቡር ይመላለስበት ወደ ነበረው ሠፈር ስንደርስ፣ ካንዳችን አፍ የወጣ ጥያቄ እስከ ማታ አከራከረን። የተማረ ሰው የሚነቅፈውን መንግሥት ሊያገለግል ይገባዋልን? ከመካከላችን ሁለቱ ሹመት አፍ መዝጊያ ነው አሉ። የቀረነው ደግሞ ከዳር ቆሞ መንቀፍ ለማንም አያቅትም አልን። በክርክሩ መካከል የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስም ተነሣ። ቦታውም ለስማቸው የተስማማ ነበር፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አቃቂ የደረሰው በ1907 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ እሳቸውም በልጅ ኢያሱ ዘመን የዚሁ ምድር ባቡር ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተዋል።

ነጋድራስ የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አጠገብ በማይ ምሻም ነው። አባታቸው ሻለቃ ባይከዳኝ የአጼ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ፤ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ። ልጁ በሰባት ዓመታቸው ግድም ከጓደኞቻቸው ጋር ምጽዋ ወረዱ፤ መርከብ ለማየት አስፈቅደው ከገቡ በኋላ ተደብቀው ሳይወርዱ ቀሩ ይባላል። በኋላም አንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተ ሰብ ተቀብሎ አሳደጋቸው። ጀርመንኛ ተምረው በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ። ስለ እሳቸው ሲወራ ሁልጊዜ የሚተረከው ይህ የመርከቡ ነገር ነው። ድፍረት መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ሕፃን የማያውቀውን አይፈራም። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ካደጉ በኋላ ያደረጉት ነው።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ የአገራቸው ቋንቋ ርቋቸው ነበር። በጀርመንኛቸው ብቻ ተከብረው ሊኖሩ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን በጎልማሳነታቸው ተቀምጠው አማርኛ ተማሩ፤ የአጼ ምኒልክም ጸሐፊና አስተርጓሚ ለመሆን በቁ። ከእኛ መካከል በእንግሊዝኛ የተማረውን ለእናቱ በአማርኛ ለማስረዳት የሚቸገር ስንቱ ነው! ነጋድራስ ግን ስለ ንግድ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሥራ ዋጋ፣ ቃሉ ገና ባልተለመደበት ጊዜ፣ ነጋዴም ሊያነበው በሚችል አማርኛ ጻፉ።

ሁለተኛው ጠባያቸው ያሰቡትን አለመደበቃቸው ነው። አጼ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው በ1904 ዓ.ም. ገደማ አስመራ ሲታተም ንጉሠ ነገሥቱ ታመው ተኝተው ነበር እንጂ ገና አልሞቱም። በዚያ ጽሑፍ ነቀፋ ብቻ አልነበረም። ግብሩ በልክ ተወስኖ ይታወቅ፣ ወታደሩ ከባላገሩ ላይ መብላቱን ትቶ ደመወዝ ይሰጠው፣ ገንዘቡ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ትምህርት ቤት ይከፈት እያሉ ነገሩን በየፈርጁ አቀረቡ። የሚነቅፍ ብዙ ነው፤ ከነቀፋው ሥር የሚሠራውን ሥራ ቆጥሮ የሚያስቀምጥ ግን ጥቂት ነው።

በቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ምክንያት ወደ ሱዳን ተሰደው ነበር። ተመልሰው ግን ሥራውን አልናቁም፤ ከምድር ባቡሩ ቀጥሎ የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የጉምሩክ ሹም ሆኑ። ሹመት አፍ መዝጊያ ነው ያሉት ጓደኞቻችን እዚህ ላይ ዝም አሉ። ባቡሩ ድሬዳዋ ከገባበት ከ1895 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱ ቡናና ቆዳ የሚወጣው፣ የባሕር ማዶ ጨርቅና የብረት ዕቃ የሚገባው ይበልጡን በዚያች ከተማ በኩል ነበር። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ከባለ ዕውቀት ሕዝብ ጋር ሲነግድ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ሥራ እንደሚለውጥ፣ በዚህም ዕለት ዕለት እንደሚደኸይ አስረድተዋል። ይህን ከበርሊን ብቻ ያመጡት አይመስለንም፤ የጉምሩኩ ጠረጴዛም ሳያስተምራቸው አልቀረም። በአገር ውስጥ በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ ነጋዴውን እንደሚያደክመውም ያውቁ ነበር።

በሁሉ አንስማማላቸውም። የአውሮፓን መንገድ ከመጠን በላይ ያደንቃሉ፤ መድኃኒቱንም ይበልጡን ከላይ፣ ከአስተዋይ ንጉሥ ይጠብቃሉ። ገበሬው ራሱ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ብዙ አልጻፉም። ከመካከላችን አንዱ ይህ የጊዜው ጥፋት ነው አለ፤ ሌላው የሹመቱ ነው አለ። በዚህ ሌላ ክርክር ተነሣ።

በ1911 ዓ.ም. ሲሞቱ ዕድሜያቸው ሠላሳ ሦስት ዓመት ግድም ነበር፤ ከእኛ የሚበልጡት በዐሥር ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ትልቁ መጽሐፋቸው በሕይወታቸው ሳሉ ሳይታተም ቆይቶ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታተመ። መጽሐፉን ከአቃቂ በተመለስን ማግሥት ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰው ሹመት አፍ መዝጊያ ነው እያለ አጥብቆ ይከራከር የነበረው ጓደኛችን ነው። እስካሁን አልመለሰም፤ ተራ የምንጠብቅ አራት ነን።