60 ዓመት ሙሉ የአበባን ቀን የጻፈው ሰው

በዚህ እትም የሕይወት ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ጦር የመራ ወይም አገር ያቀና አይደለም። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው አበባ መቼ እንደ ፈነዳ፣ ዛፍ መቼ እንዳቆጠቆጠ በየዓመቱ በመጻፉ ነው። እሱም እንግሊዛዊው ሮበርት ማርሻም ነው። ነገር ግን ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት ከካኮ እንነሣ፤ ታሪኩን እንድንፈልግ ያደረገን እዚያ የገጠመን ክርክር ነውና።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን ጥቂቶቻችን ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በካኮ ተመድበን ነበር። መጋቢት ውስጥ አንድ ሌሊት ዝናብ ጣለ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ተማሪዎቻችን ክብ፣ እንደ ፍም የቀላ አበባ ይዘው መጡ። ይህ ተክል ከመሬት ውስጥ እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ አለው። ደረቁን ወራት ስንቁን ይዞ እዚያው ተኝቶ ይቆይና ዝናብ ሲነካው ቅጠሉ በቅጡ ሳይዘረጋ አበባውን ያወጣል። በአማርኛ የጅብ ሽንኩርት የሚሉት ሰዎች አሉ፤ ስሙ ለመልኩ አይመጥንም እንጂ። መርዝነት ስላለው ልጆቹን እጃችሁን ታጠቡ ብለናቸዋል።

ታዲያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ሁላችን አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ አበባው ዘንድሮ ዘግይቷል አሉ። ዝናቡም ከድሮው ወደ ኋላ እየሸሸ ነው ባይ ናቸው። ልጆቹ ደግሞ የለም፣ ዓምና እንዲያውም ከዚህ በኋላ ነበር ብለው ድርቅ አሉ። በመጨረሻ እኛ ዳኝነት ተጠየቅን። ምን እንፍረድ? ዓምና ያየ እንጂ የጻፈ አልነበረም።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ። በካኮ አካባቢ በቆሎና ማሽላ የሚዘራው ገበሬ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ ቆላ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች በድርቅ ስንት ከብት እንዳለቀባቸው ሁላችን ሰምተናል፤ ያየንም አለን። ዝናቡ እውነት እየሸሸ ነው ወይስ እንደ ጥንቱ ነው የሚለው ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ነው። ደግሞም ሌላ ጣጣ አለ። እኛ ራሳችን ስንማር ክረምት ከሰኔ እስከ ጳጉሜ፣ አደይ አበባ በመስከረም እያልን ነው የሸመደድነው። ለደገኛው አገር ይህ ልክ ነው። ካኮ ላይ ግን ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሁለተኛው ከመስከረም በኋላ ይመጣል። የሸመደድነውን እንዳለ ብናስተምር ልጆቹ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩና ዝም ይላሉ። የእነሱን ወቅት የሚያስረዳ መረጃ መገኘት ያለበት ከእነሱው ደጅ ነው።

ወደ ማርሻም እንመለስ። የተወለደው በ1708 በእንግሊዝ አገር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ኖርፎክ በሚባለው አውራጃ፣ ስትራተን ስትሮለስ በምትባል መንደር ነው (የእሱን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰቡ ባለ ርስት ነበር። ካምብሪጅ ሄዶ ከተማረ በኋላ ወደ መንደሩ ተመለሰና ዕድሜውን እዚያው ጨረሰ። ዋናው ፍቅሩ ዛፍ ነው። ይተክላል፣ በየጊዜው ግንዱን እየለካ ስንት እንደ ወፈረ ይመዘግባል። አንድ ጊዜማ ቢች የተባለውን ዛፍ ግንዱን አሳጥቦ፣ ካልታጠበው ይልቅ ይፋፋ እንደሆነ ሞክሯል። ጎረቤት ምን እንዳለው መገመት አያቅትም። ማርሻም ግን የታጠበው የበለጠ መወፈሩን ለክቶ ውጤቱን በሎንዶኑ የንጉሣዊ ሳይንስ ማኅበር መጽሔት አሳተመ።

በ1736፣ የ28 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የፀደይን መምጣት የሚያበስሩ ምልክቶችን ቀን በቀን መጻፍ ጀመረ። ምልክቶቹ ኋላ 27 ደረሱ። ከነዚህ አንዱ ስኖውድሮፕ የሚባለው ትንሽ ነጭ አበባ ነው። ይህም እንደ ካኮው አበባ ከምድር ውስጥ የሽንኩርት ራስ አለው፤ በእንግሊዝ አገር ብርዱ ሳይለቅ፣ በጥርና በየካቲት ግድም፣ ከሁሉ ቀድሞ ብቅ ይላል። ሌሎቹ ምልክቶች የ13 ዓይነት ዛፎች ማቆጥቆጥ፣ የእንቁራሪት መጮህ፣ የኩኩ መዘመር፣ ደግሞም ከሩቅ አገር በምትመለሰው ጭራዋ መንታ በሆነች ፈጣን ወፍ መታየት ነበሩ። በዚያ ዘመን ይህች ወፍ ብርዱን የት እንደምታሳልፍ ሊቃውንቱ ሳይቀሩ ይከራከሩ ነበር። ኩሬ ሥር ትደበቃለች የሚሉም ነበሩ። የምትከርመው ግን እኛው አህጉር፣ አፍሪካ ውስጥ ነው።

እስቲ ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። ሲያዩት ቀላል ነው፤ አበባ አየሁ፣ ቀኑን ጻፍሁ። ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ብቅ ብሎ የሚያይ ሰው እስከ ስድስት ቀን ሊሳሳት ይችላል። ዘንድሮ ከወንዙ ዳር፣ ከርሞ ከኮረብታው ላይ ያየ ሰውም የሚያነጻጽረው ሁለት ዓመት ሳይሆን ሁለት ቦታ ነው። ማርሻም በአንድ መንደር፣ በራሱ ርስት፣ ያንኑ ዓይነት ምልክት ከ60 ዓመት በላይ መከታተሉ ነው መዝገቡን ዋጋ የሰጠው። እርግጥ ነው፣ ሀብታም ነበር፤ ዝውውር የሚባል ነገርም አያውቅም። እኛ ነገ ዕጣችን ወዴት እንደሚያወጣን እግዜር ይወቅ።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የገረመን የቀን አቆጣጠሩ ጉዳይ ነው። ማርሻም መጻፍ ሲጀምር እንግሊዝ የምትጠቀመው በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ነበር። በ1752 መንግሥት አዲሱን ሲቀበል ከመስከረማቸው 2 ቀን ማግሥት 14 ሆነ፤ 11 ቀን እንደ ዋዛ ቀረ። አበባው ግን ይህን አዋጅ አልሰማም! ስለዚህ ከዚያ በፊት የተጻፈውን ቀን ከኋለኛው ጋር የሚያነጻጽር ሰው 11 ቀን መጨመር አለበት፤ አለዚያ አበባው በአንድ ጊዜ በ11 ቀን የዘገየ ይመስለዋል። በዚህ ላይ ከ1752 በፊት በእንግሊዝ አገር ሕጋዊው አዲስ ዓመት የሚገባው በመጋቢታቸው 25 ቀን ነበርና፣ በጥር የፈነዳው ስኖውድሮፕ ገና በአሮጌው ዓመት ቁጥር ሊጻፍ ይችል ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ 6 ስትሆን አዲስ ዓመታችን በፈረንጆቹ በመስከረም 11 ፈንታ በ12 ይውላል። አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ ጽፎ ያለ ጥንቃቄ ቢደባለቅ ነገሩ ሁሉ ድብልቅልቁ ይወጣል። በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ በመዝገቡ አናት ላይ ማስፈር የግድ ነው።

ማርሻም በ1780 የንጉሣዊው ሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ። የ50 ዓመት መዝገቡን በሰንጠረዥ አቀናብሮ ለማኅበሩ ያቀረበው በ1789፣ በ81 ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህም አላረፈም። በ1790 በተፈጥሮ ተመልካችነቱ ከታወቀው ከቄስ ጊልበርት ዋይት ጋር ደብዳቤ መጻጻፍ ጀመረ። ሁለቱ ሽማግሎች ስለ ዛፍና ስለ ወፍ ሲጻጻፉ ቆይተው ዋይት በ1793 ሞተ። ማርሻም መዝገቡን እንደ ያዘ ቆይቶ በ1797 በ89 ዓመቱ ዐረፈ። ሥራው የየትኛው ሳይንስ ክፍል እንደሆነ ስም እንኳ አልነበረውም፤ ፌኖሎጂ የሚለውን ቃል የቤልጅጉ ሻርል ሞረን ያወጣው እሱ ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ ነው።

ታሪኩ ግን በሞቱ አላበቃም። ከቤተሰቡ ወገን ብዕሩን የተቀበለ ስለ ነበር መዝገቡ እስከ 1810 ቀጠለ። ከዚያ ተቋረጠ። ከ1811 እስከ 1835 ያለው 25 ዓመት ባዶ ነው። በነዚያ ዓመታትም ስኖውድሮፕ ማበቡ አልቀረም፤ የጻፈው ጠፋ እንጂ። በ1836 ከዘሩ የሆኑ ሰዎች እንደገና ጀመሩና ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ እስከ 1958 ደረሰ።

ይህን የባዶ ዓመታት ነገር ስናነብ ከመካከላችን አንዱ የተማረበት ትምህርት ቤት ትዝ አለው። ስሙን አንጠራም። እዚያ አንድ የሳይንስ መምህር የመጀመሪያውን ዝናብ ቀን ለአራት ዓመት በደብተር ይጽፉ ነበር። ሲዛወሩ ደብተሩን ለቢሮው አስረክበው ሄዱ። ከጊዜ በኋላ ጓደኛችን ከሱቅ ቆሎ ሲገዛ የተጠቀለለበት ወረቀት የመምህሩ የእጅ ጽሑፍ ሆኖ አገኘው! ባለ ሱቁን መጠየቁ አልቀረም፤ የቀረ ቅጠል ግን አልነበረም።

የማርሻም ወረቀት ከቆሎ መጠቅለያነት ተርፎ የሳይንስ ሰዎች እጅ ገባ። በ1995 ቲም ስፓርክስና ፒተር ኬሪ መዝገቡን ከአየሩ ሙቀት ልኬት ጋር አስተያይተው ጥናት አሳተሙ። ሞቅ ባለ ዓመት ብዙዎቹ ምልክቶች ቀድመው እንደሚመጡ መዝገቡ ያሳያል። ዛሬ የዓለም አየር መሞቁን ለማስረዳት እንዲህ ያሉ የቆዩ መዝገቦች በጣም ይፈለጋሉ። በአንድ ዓመት ቀን ምንም ማለት አይቻልም፤ ሁለት ዓመትም ቢሆን ዘንድሮ ቀደመ፣ ዘገየ ከማለት አያልፍም። ለውጥ አለ ብሎ ለመናገር ብዙ ዓመት ይጠይቃል።

የካኮ ነገር ከኖርፎክ የሚለይበትም አለ። ካኮ ከምድር ወገብ ስድስት ዲግሪ ያህል እንኳ አትርቅም፤ ሙቀቱ ከወር ወር ብዙ አይለዋወጥም። አበባውን የሚቀሰቅሰው ዝናቡ ነው። ስለዚህ የአበባውን ቀን ብቻ ብንጽፍ ግማሽ ሥራ ነው፤ ዝናቡ የጣለበትን ቀንም ከጎኑ መጻፍ ያሻል።

ልምምዳችንን ጨርሰን ከካኮ ስንወጣ ከልጆቹ ጋር በካርቶን ላይ ሰንጠረዥ ሠርተን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። አናቱ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚል አለበት፤ ከሥሩ ዓመት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ቀን፣ የመጀመሪያው አበባ ቀን፣ ያየው ልጅ ስም። ቦታውም ተወስኗል፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ካለው ትልቅ ድንጋይ እስከ መንገዱ ድረስ። አባባ ዘበኛው መጀመሪያ ሳቁብን፤ በኋላ ግን በዝናቡ ቀን ላይ አንድ ቀን ተሳስታችኋል ብለው አሳረሙን። አንዱ መስመር ተሞልቷል። ከሥሩ 20 ባዶ መስመር አስምረናል፤ እርሳሱም በሲባጎ ታስሮ አጠገቡ ተንጠልጥሏል።