ሣህለ ሥላሴ የሸዋ ንጉሥና የጎንቾ እስረኞች

ፍርደኛና ተከሳሽ የሚጠበቁበት ቤት በተለምዶ ወኅኒ ቤት ይባላል። ስሙ የመጣው፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የነጋሢ ዘር የሆኑ ወንዶች ዙፋን እንዳይሻሙ ተጠብቀው ይኖሩበት ከነበረው ከወኅኒ አምባ ነው። ከዚያ ቀደም ባሉት መቶ ዓመታትም ይኸው ልማድ በአምባ ግሸን ይፈጸም እንደነበረ የታወቀ ነው። የሸዋ ቤተ መንግሥት ራሱን በቻለ ጊዜ ልማዱንም አብሮ ያዘ፤ የእርሱም ወኅኒ በይፋት በኩል የሚገኘው ጎንቾ ነበር።

የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሕይወት ከዚህ እስር ቤት ጋር ሁለት ጊዜ ይገናኛል። በወጣትነቱ ወንድሞቹን አሰረበት፤ በዕድሜው ማምሻ ደግሞ በሩን አስከፈተ። በሁለቱ ድርጊቶች መካከል ያለፈው 30 ዓመት ያህል ጊዜ የእስረኛን መብት ለሚመረምር ሁሉ፣ በተለይም እስር ቤትን ነድፎ ለሚያሠራ ባለሙያ፣ ትምህርት አለው።

የሣህለ ሥላሴ የትውልድ ሐረግ ከመንዝ ይመዘዛል። የቤቱ መሥራች ነጋሢ ክርስቶስ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከመንዝ፣ ከአጋንቻ ተነሥቶ ግዛት መሠረተ። ተከታዮቹም ይፋትን፣ ተጉለትን፣ ግሼንና መርሐ ቤቴን እየጨመሩ መንግሥቱን አሰፉት። ሣህለ ሥላሴ በ1787 ዓ.ም. ገደማ ከወሰን ሰገድና ከመንዟ ባላባት ከዘነበ ወርቅ ተወለደ። በሰላ ድንጋይ ገዳም በትምህርት ላይ ሳለ፣ በ1805 ዓ.ም. አባቱ ተገደለ። ታላቅ ወንድሙ በኩሬ ሕዝቡ ላይቀበለኝ ይችላል በሚል ሥጋት ሲያመነታ፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ሣህለ ሥላሴ ወደ ቁንዲ ገሥግሦ ደረሰ። የእናቱ ወገኖች የሆኑት የመንዝ ሰዎችም ሳይደግፉት እንዳልቀሩ ይገመታል። በዚያም ራስና መርዕድ አዝማች ተባለ። ከዚህ በኋላ በኩሬንና ለሥልጣኑ ያሠጉኛል ያላቸውን ሌሎች ወንድሞቹን ይዞ ወደ ጎንቾ ሰደዳቸው።

ጎንቾ በኮረብታ ላይ የተሠራ ምሽግ ሲሆን፣ እስረኞቹ የሚያዙት ከሥሩ በተበጁት ጨለማ ክፍሎች ነበር። ጠባቂው የምሥራቁ ግዛት ሹም ወላስማ መሐመድ ነው። በዚያ ዘመን በተራው ሕዝብ ዘንድ የረጅም ጊዜ እስራት የተለመደ ቅጣት አልነበረም። ተከሳሽ በዋስ ይለቀቃል፤ ዋስ ያጣም ከከሳሹ ጋር በቁራኛ ይታሰራል፤ ሌላው ካሣ ይከፍላል ወይም ወደ ግዞት ይላካል። የታሰረ ሰው ስንቅም የሚመጣው ከዘመዶቹ ቤት ነበር። የጎንቾ መሳፍንት እስራት ከዚህ ሁሉ ይለያል። ከሳሽ አልነበራቸውም፤ ዳኛ ፊት አልቀረቡም፤ የሚቆጠር የእስራት ዘመንም አልተወሰነባቸውም። ጥፋታቸው ከነጋሢ ዘር መወለዳቸው ብቻ ስለሆነ፣ በካሣም ሆነ በንስሐ ሊሽሩት የሚችሉት ነገር አልነበረም።

ሣህለ ሥላሴ በሌላ በኩል ሲታይ ጨካኝ ከሚባሉት ገዥዎች የሚመደብ አይደለም። ዓመፅን አስታግሦ ግዛቱን ካረጋጋ በኋላ የሸዋ ንጉሥ ተባለ፤ አንኮበርን፣ አንጎለላንና ደብረ ብርሃንን አቀና፤ በረሃብ ዘመን ጎተራውን ከፍቶ ለተቸገረው ሕዝብ እህል ማከፋፈሉም ይነገርለታል። የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎችን ያስጠጋ፣ አዲስ መሣሪያ ሲያይ አሠራሩን የሚጠይቅ ንጉሥ ነበር። እናቱ ዘነበ ወርቅም በሰላ ድንጋይ ተቀምጣ የግዛቱን አንድ ክፍል ታስተዳድር ነበር። ይህን የመሰለ አስተዳደር እየተካሄደ ሳለ፣ የጎንቾ እስረኞች ግን በሰንሰለት እንደተያዙ ጎልማሱ፤ አረጁም። ደግ የተባለ መንግሥት ያልተፈረደባቸውን ሰዎች ለዘመናት አሥሮ ሊረሳ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በ1833 ዓ.ም. ከቦምቤይ የእንግሊዝ መንግሥት መልክተኞች ወደ ሸዋ መጡ። መሪያቸው ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ በሙያው የጦር መሐንዲስ ነበር። በኅዳር 1834 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ በጽኑ ታመመ። ሐሪስ በመጽሐፉ እንደ ዘገበው፣ የንጉሡ ሕሊና ስለ ጎንቾ እስረኞች ተነክቶ ነበር፤ መልክተኞቹም ስለ እነርሱ ለምነዋል። ሐሪስ ለራሱ የሰጠው ድርሻ ተጋንኖ ሊሆን ቢችልም፣ ውሳኔው የሣህለ ሥላሴ ነበር። በ1835 ዓ.ም. በሕይወት የተረፉት ሰባት መሳፍንት ሰንሰለታቸው ተፈትቶ ወደ ፀሐይ ወጡ። ሊቀማን ይችላል ተብሎ ሲጠበቁ የኖሩበት ዙፋንም በመፈታታቸው አልተናጋም። ሣህለ ሥላሴ በጥቅምት 1840 ዓ.ም. ሲሞት፣ መንግሥቱ ለልጁ ለኃይለ መለኮት ተላለፈ።

ይሁን እንጂ የ1835ቱ ምሕረት ከንጉሡ ፈቃድ አልፎ ሊተላለፍ የማይችል ሕግ አልሆነም። የልጅ ልጁ ምኒልክ በ1848 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ተማርኮ፣ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ እስኪያመልጥ ድረስ 10 ዓመት ያህል በግዞት ኖረ። የምኒልክ የልጅ ልጅ ልጅ ኢያሱ ደግሞ በ1913 ዓ.ም. ተይዞ በፍቼ፣ በኋላም በጋራ ሙለታ ታስሮ፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ከእስር ሳይወጣ ሞተ። አያት የከፈተው በር በልጅ ልጆች ላይ እንደገና ተዘጋ ማለት ነው። ምሕረት የሰጪው ንብረት በመሆኑ ከሰጪው ጋር ያልፋል፤ መብት ግን የተቀባዩ ነው።

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ይህን ልዩነት በጽሑፍ አስፍሮታል። በአንቀጽ 17 መሠረት ከሕግ ሥርዓት ውጭ ማንም ነፃነቱን ሊያጣ አይገባም። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለም ሆነ የተፈረደበት ሰው ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ በቤተሰቡ፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ ያረጋግጥለታል። ከጎንቾ ሰዎች የተነፈገው አንድ በአንድ እዚህ ተዘርዝሯል።

ጎንቾ ሰባት ሰዎች የተፈቱበት ትንሽ እስር ቤት ነበር፤ የዛሬው ችግር ግን መጨናነቅ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ስለ ማረሚያ ቤቶች መጣበብ በተደጋጋሚ አስታውቋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ከ4,000 በላይ እስረኞች በይቅርታ ሲለቀቁ፣ አንዱ ዓላማ ይህንኑ መጣበብ ማቃለል ነበር። ድርጊቱ የሚመሰገን ቢሆንም፣ እንደ 1835ቱ ሁሉ ምሕረት ነው፤ የቀጠሮ እስረኛ ጉዳይ ሲንዛዛ ክፍሉ ተመልሶ ይሞላል።

ሰብአዊ ክብር የሚለው ቃል በመሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በጋራ መኝታ ክፍል ለአንድ ሰው 3.4 ካሬ ሜትር፣ ለ25 ሰዎችም አንድ መጸዳጃ እንዲኖር ይመክራል። የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ስለ አየር መጠን፣ ስለ ወለል ስፋት፣ ስለ ብርሃንና ስለ መስኮት ይደነግጋሉ። ለምሳሌ 12 ሜትር በ8.5 ሜትር የሆነ ክፍል 102 ካሬ ሜትር ስፋት ስላለው የሚይዘው 30 ሰው ነው። 90 ሰው ቢገባበት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 1.13 ካሬ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ይህም ለመጋደም እንጂ ለመገላበጥ አይበቃም። የአገሩ ጠባይም መዘንጋት የለበትም። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው የመንዝ ደጋ፣ ብርዱን ለመከላከል መስኮት ሲደፈን አየሩ ይታፈናል፤ ወደ ጀማና ወደ ወንጪት በሚያዘቀዝቀው የመርሐ ቤቴ ቆላ ደግሞ ያው ክፍል በሙቀት ይነዳል። ስለዚህ አንድ ንድፍ ለሁለቱ ሊያገለግል አይችልም።

የእስር ቤት ንድፍ ላይ የሚሰፍረው የሰው ቁጥር ሕጋዊ ትርጉም ያለው ወሰን ነው። ወሰኑን በግልጽ መጻፍ፣ ሲታለፍም በጽሑፍ ማስታወቅ የባለሙያው ድርሻ ይሆናል። የጎንቾ እስረኞች የንጉሡን ልብ መራራት 30 ዓመት ያህል ጠበቁ። ዛሬ የታሰረ ሰው መብቱን ለማግኘት የማንንም መታመምና መራራት እንዲጠብቅ አይገባም።