ከአበበ የወደቀች አበባ

አጎቴ ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ላይ፣ የባሕር ዛፉ ጫካ ከሚጀምርበት አቅራቢያ ይኖር ነበር። ሲሞት ለልጆቹ ያወረሰው ንብረት ብዙ አይደለም፤ የጭቃ ቤት፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አሮጌ ቴሌቪዥንና ዳር ዳሩ ያለቀ አንድ ዳዊት። ቤቱ ያለ ጠብ ተከፋፈለ። ጠብ ያመጣው ዳዊቱ ነው። ትክክለኛውን ለመናገር ደግሞ ዳዊቱም ሳይሆን በገጾቹ መሀል የተቀመጠችው የደረቀች አበባ ናት።

አጎቴ እንደሚተርከው፣ አበበ ቢቂላ ከሮም ድል አድርጎ ሲመለስ እሱ የ19 ዓመት ጎረምሳ ነበር። ከሕዝቡ ጋር እየተጋፋ መኪናውን ሲከተል ከጀግናው አንገት ላይ ከነበረው የአበባ ጉንጉን አንዲቱ ወደቀች። ሦስት ሰው ለማንሣት ጎነበሰ፤ የቀደመው አጎቴ ነው። በዚያ ግፊያ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ መመለሱን ሲያወራ ደስ እያለው ነበር፤ ባዶ እግሩን ለሮጠ ሰው በባዶ እግር ቤት መግባት ክብር ነው ባይ ነበረና። በሕግ ሰው ዓይን ካየነው ማስረጃ የለውም። ምስክር ይሆኑ የነበሩት ሁሉ አልፈዋል። ሆኖም ግን በልጅነታችን በየእንቁጣጣሹ ዋዜማ ዳዊቱ ተከፍቶ አበባዋ ስትታይ ትንፋሻችንን ይዘን ነበር የምናያት።

የአጎቴ ትንሹ ልጅ የሚኖረው አሜሪካ ነው። እዚያ ከታሪካዊ ጨዋታ የተገኘ ዕቃ ስንት እንደሚያወጣ ስለሚያውቅ አበባዋ ትሸጥ አለ። ታላቁ አይሞከርም አለ። ሁለቱም ወደ እኔ መጡ፤ በቤተሰቡ ውስጥ ሕግ የተማርኩት እኔ ነኝና።

ትንሹን አልፈርድበትም። አሜሪካኖች ቤዝቦል በሚሉት ጨዋታ ኳሷ ከሜዳው አልፋ ተመልካቹ መሀል ስትወድቅ የያዛት ሰው ይዟት ይሄዳል። በ1994 ዓ.ም. መባቻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ባሪ ቦንድስ የተባለው ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን 73ኛውን እንዲህ ያለ ምት መትቶ ክብረ ወሰን ሠራ። ኳሷ መጀመሪያ አንድ ሰው ጓንት ውስጥ ገባች፤ ሕዝቡ ተረባርቦ መሬት ላይ ሲደፋው አመለጠችው፤ ሌላው ሰው ከመሬት አነሣት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው የሁለቱንም መብት እኩል ነው ብለው ኳሷ ተሸጣ ገንዘቡን ለሁለት እንዲካፈሉ በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. ፈረዱ። ስትሸጥ 450 ሺሕ ዶላር አወጣች። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓናዊው ሾሄ ኦታኒ የመታት ኳስ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጣለች። እዚህ አገር ገና ሲመታ ሩሯን ቀልቦ ቤቱ ስለወሰደ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቢወስድም የሚገዛው ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ አበባዋ የማን ናት? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለት ነገሮችን ይለያል። ከባለቤቱ ጠፍቶ የተገኘ ዕቃ ከሆነ ያገኘው ሰው ለአስተዳደር ክፍል ማሳወቅ አለበት። ባለቤት የሌለው ተንቀሳቃሽ ነገር ከሆነ ግን የራሴ ላድርገው ብሎ የያዘው ሰው ባለቤቱ ይሆናል። አበበ ለወደቀችው አበባ ዞር ብሎ አልጠየቀም፤ ስለዚህ አጎቴ ባለሀብት ነበር ማለት ነው። ይሄን ያህሉን በአምስት ደቂቃ ነገርኳቸው። ትልቁ ጥያቄ ምን ያህል ዋጋ አላት የሚለው ነበር። ለዚህ መልስ ለመስጠት ከማን አንገት እንደወደቀች ከመጀመሪያው ማሰብ ግድ ሆነብኝ።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል ቦታ ነው። በልጅነቱ ገና ይመታ ነበር። ጎሉና ጎሉ ተራርቆ የሚቆምበት፣ ቀኑን ሙሉ የሚያስሮጥ ጨዋታ ስለሆነ ለማራቶን ሯጭ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ መጥቶ ክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ከሱሉልታ ኮረብታዎች አዲስ አበባ ድረስ እየሮጠ በየቀኑ ይመላለስ እንደነበር ተጽፏል። እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኔ ዛሬ በሃምሳዎቹ ዕድሜዬ ከየካ ተነሥቼ ጫካውን ስወጣ በየሃያ እርምጃው ቆሜ የከተማውን ገጽታ የማደንቅ እመስላለሁ፤ እውነቱ ትንፋሽ ስለሚያጥረኝ ነው። በአጠገቤ እንደ ነፋስ ሽው የሚሉት ወጣት ሯጮች ግን አያዩኝም።

ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ይህን ወታደር አይቶ ለማራቶን አዘጋጀው። በሐምሌ 1952 ዓ.ም. ግድም አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን አሸነፈ፤ በወሩ ደግሞ ደገመው። ሁለተኛው ሰዓቱ 2:21:23 ሲሆን ኤሚል ዛቶፔክ ከያዘው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር፤ ከአገራችን ውጭ ግን ያመነ ጥቂት ነው።

የሮም ማራቶን የተሮጠበት ቀን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ውድድሩ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ ሲመሽ ስለሚያልቅ የጣሊያን ወታደሮች ከመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ቆመው ነበር። በዚያው ምሽት በየካና በእንጦጦ ሥር ባሉት መንደሮች ሕፃናት በየደጁ ችቦ ያበራሉ። አንዱ ችቦ የሌላውን አላወቀም። የኢትዮጵያውያኑ ሰዓት ከሮም ስለሚቀድም፣ አበበ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲደርስ እኛ ዘንድ ከምሽቱ ወደ አራት ሰዓት ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም። ሰዓቱ 2:15:16.2 ነው፤ የዓለም ፈጣኑ።

ጫማ ያላደረገው ተሰጥተውት ከነበሩት መሀል የሚመቸው ስላልተገኘ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማስበው ነገር አለ። ባሪ ቦንድስ ሲመታ ኳስ ትወድቃለች። አበበ ግን በዚያች ሌሊት ያሸነፈው በገዛ እግሩ ሥጋ ስለሆነ ከሮም ጎዳና ማንም የሚያነሣው፣ የሚደብቀው፣ የሚሸጠው ጫማ አልተረፈም። በዓለም የስፖርት ታሪክ ውስጥ እጅግ ከሚታወሱት ድሎች አንዱ ዕቃ የለውም።

አንድ ዕቃ ግን መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። የአክሱም ሐውልት። ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ወስደው ፖርታ ካፔና አደባባይ ያቆሙት ሐውልት ማለት ነው። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በፈረመችው የሰላም ውል የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ግዴታ ገብታ ነበር፤ አበበ በአጠገቡ ሲያልፍ ቀጠሮው ካለፈ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎት የተፈተለከው ከዚያ ሐውልት አካባቢ ተነሥቶ ነው። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነበር። ከተወሰደ በ68 ዓመቱ።

አበበ ሲመለስ ንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሸለሙት፣ የአሥር አለቃ ማዕረግ ሰጡት፣ መኖሪያ ቤትና የሚጠቀምባት ቮልስዋገን ተሰጠው። መንዳት ስለማይችል ሾፌርም ተመደበለት። ወራት ሳይቆይ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አለቆች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ እሱም የዚያ ጦር ወታደር ነውና እንደ ሌሎቹ ታሰረ። እጁ እንደሌለበት ታውቆ ተፈታ። ብዙ ጊዜ ይህ የሕይወቱ ክፍል ተዘልሎ ያልፋል። በመስከረም አበባ የተነሰነሰለት ሰው በታኅሣሥ እስረኛ ሊሆን እንደሚችል እኛ አገር ማን ያጣዋል?

ከዚያ አቴንስ፣ ኦሳካና ኮሺትሴ ላይ አሸነፈ። ኦሳካ ላይ ጫማ ሠሪው ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ አግባብቶ የራሱን ጫማ አስደረገው። የአበበ እግር ገበያ ላይ የወጣው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። በ1957 ዓ.ም. ወደ ቶኪዮ ሊሄድ ሲል የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከዚያ ከ35 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ ፑማ ጫማ አድርጎ በ2:12:11.2 እንደገና የዓለም ክብረ ወሰን ሠራ። ተከታዩ ሳይደርስ ሣሩ ላይ ጋለል ብሎ ሰውነቱን ሲያፍታታ የታየው ፊልም ዛሬም ያስቃል። የማራቶንን የኦሊምፒክ ወርቅ በተከታታይ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሽልማት ሲሰጠው ባንዱ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላልያዘ የጃፓንን መታ።

ሜክሲኮ ላይ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ በጉዳት አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። በመጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት ቮልስዋገኑን ራሱ እየነዳ ሳለ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠበት። ሮም የሸለመችው እግር አልታዘዝ አለ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ወራት ተኛ፤ ከወገቡ በታች ግን አልዳነም። እሱ ግን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ወረወረ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ፣ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ 25 ኪሎ ሜትር የመንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ሲሞት 41 ዓመቱ ነበር። ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲቀበር በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተገኙ። እኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርኩ። አጎቴ በትከሻው ተሸክሞ እንደወሰደኝ ይናገር ነበር፤ ይኼኛውም ማስረጃ የለውም።

ከሮም ጎዳና የሚነሣ ጫማ አልነበረም ብያለሁ። የሚነሣ ስም ግን ነበረ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2010 ቪብራም የተባለው ኩባንያ እንደ ጓንት በአምስት ጣት የተከፈለ፣ ባዶ እግርን የሚያስመስል ጫማ ሠርቶ ቢኪላ ብሎ ሰየመው። ኩባንያው የጣሊያን ነው። ቤተሰቦቹ ሳይፈቅዱ በስሙ ተነገደ ብለው በ2015 አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ከሰሱ። ዳኛው በ2016 ክሱን ዘጉት። ምክንያቱ ስሙ የቤተሰቡ አይደለም የሚል አልነበረም፤ በ2011 አውቃችሁ አራት ዓመት ዝም ብላችኋል፣ ዘግይታችኋል የሚል ነው።

ፍርዱን በሙያዬ ሳየው ስሕተት አላገኘሁበትም። መብቱን እያወቀ የተኛ ሰው ሌላው ገንዘቡንና ጉልበቱን ካፈሰሰ በኋላ ነቅቶ አቁም ሊለው አይገባም የሚለው መርሕ እኛም የይርጋን ትምህርት ስንማር የተማርነው ነው። ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ሐውልቱን 68 ዓመት ያቆየች አገር በማዘግየቷ ያጣችው ነገር የለም፤ የአበበ ልጆች ግን በአራት ዓመት ተቀጡ። ሁለቱ ጉዳዮች በሕግ እንደማይነጻጸሩ አውቃለሁ፤ አንዱ የመንግሥታት ውል ነው፣ ሌላው የግል የንግድ ክርክር። ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ ማርክ እቀንስበታለሁ። እንጦጦ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን መነጻጸራቸውን ማቆም አልቻልኩም።

ወደ ወንድማማቾቹ ልመለስ። የጋራ ወራሾች ስለሆናችሁ አንዳችሁ ክፍፍል ቢጠይቅ ሌላው ለዘላለም ሊከለክለው አይችልም፣ አበባ ደግሞ ለሁለት ስለማይቆረጥ ሽያጭ ላይ ትደርሳላችሁ አልኳቸው። ታላቁ ተቆጣኝ። ትንሹ ደስ ብሎት ወደ አሜሪካ ተመለሰና አንድ የሐራጅ ድርጅት ጠየቀ። ድርጅቱ አበባዋ ከአበበ አንገት ለመውደቋ ፎቶግራፍ ወይም የተጻፈ ማረጋገጫ ፈለገ። ከአጎቴ ቃል በቀር ምንም የለም። ባለ ታሪኩ ባዶ እግሩን የሮጠ ሰው ነው፤ አጎቴም ከዚያ ቀን የተረፈችው ሌላዋ ማስረጃ የራሱ አንድ እግር ጫማ ብቻ ነበረች፤ እሷንም አክስቴ ጥላታለች።

ሽያጩ እዚያው ቀረ። ዳዊቱ የሚገኘው አክስቴ ዘንድ ነው። ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሄጄ ነበር። ልጆች ደጅ ላይ ችቦ ለኩሰው ይጮኻሉ፤ እትዬ ዳዊቱን አምጥታ ጉልበቷ ላይ ከፈተችው። አበባዋ ረግፋለች፤ እጅ ቢነካት ዱቄት ትሆናለች። ገጹ ላይ ግን ቡናማ ቅርጿ ታትሞ ቀርቷል፤ አምስት ቅጠል፣ አንዱ የታጠፈ። እትዬ እንዳይበተን ቀስ ብላ ዘጋችውና ቡናው እንዳይገነፍል እይ ብላ ወደ ጓዳ ላከችኝ።