ከዳንስ አዳራሽ እስከ መካ፦ ኤልሐጅ ማሊክ ሻባዝ (ማልኮም ኤክስ)

የስፓይክ ሊ ፊልም በ1992 ሲወጣ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤክስ የተጻፈበት ኮፍያ በየአሜሪካዊው ወጣት ራስ ላይ ታየ። በ1999 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት የማልኮምን ምስል በቴምብር አወጣ። በሕይወቱ ሳለ ኤፍ ቢ አይ እግር በእግር ይከታተለው የነበረውን ሰው ማለት ነው! ኮፍያውንም ቴምብሩንም ትተን ወደ ሰውየው እንሂድ።

ማልኮም ሊትል በ1925 በኦማሃ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሰባኪና የማርከስ ጋርቬይ ተከታይ ነበሩ። በ1929 ቤታቸው ተቃጠለ፤ በ1931 አባቱ የከተማ ባቡር ጨፍልቋቸው ሞቱ፤ እናቱም ከዓመታት በኋላ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገቡ። ልጆቹ ተበታተኑ።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ቦስተን እህቱ ዘንድ ሄደና ሮዝላንድ በተባለ የዳንስ አዳራሽ ሊስትሮ ሆነ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። በአዳራሹ የሚጫወቱት እንደ ዱክ ኤሊንግተን ያሉ ስመ ጥር ጥቁር ሙዚቀኞች ነበሩ። ጭፈራው ግን የነጮች ምሽትና የጥቁሮች ምሽት ተብሎ የተለየ ነበር። ነጩ በጥቁሩ ሙዚቃ ይጨፍራል፤ ጥቁሩ ግን በዚያ ምሽት ከመድረኩ ወርዶ ከነጩ ጋር አይጨፍርም። የአሜሪካን ዘረኝነት ለመረዳት ይህ አንድ አዳራሽ ይበቃል ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ማልኮም ራሱ ቆዳን የሚያቃጥል ኬሚካል እየተቀባ ከርዳዳ ፀጉሩን እንደ ነጭ ፀጉር ሉጫ ያደርግ ነበር።

ከዚያ ሀርለም፣ እፅ መሸጥ፣ ሌብነት፤ በ1946 እስር ቤት። እዚያ መዝገበ ቃላትን ገጽ በገጽ በእጁ እየገለበጠ ተማረ፤ የኤላይጃ መሐመድን ኔሽን ኦፍ ኢስላምም ተቀላቀለ። ድርጅቱ ስሙ ኢስላም ይባል እንጂ ነጭ ሁሉ በተፈጥሮው ሰይጣን ነው የሚል፣ ከተውሒድ የራቀ ትምህርት ነበረው። ኤክስ የሚለው ስም ባርነት ያጠፋውን የአባቶቹን ስም የሚተካ ምልክት ነው። ማልኮም በ1952 ከተፈታ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ይህንኑ ሰበከ።

በማርች 1964 ከድርጅቱ ወጣ፤ በኤፕሪል ሐጅ አደረገ። ኢሕራም ለብሶ ነጭ ቆዳ ካላቸው ሙስሊሞች ጋር ከአንድ ሰሐን በላ፣ ጎን ለጎን ሰገደ። ከዚያ ያደረገውን ልብ በሉ፤ በአደባባይ ያስተማረውን ራሱ በአደባባይ ሻረው። ከመካ የላካቸው ደብዳቤዎች በአሜሪካ ጋዜጦች ወጡ። ከተከታዮቹ ብዙዎቹ ግራ ተጋቡ። በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሲሆን ከሪንጉ አጠገብ ሆኖ ያየው ወዳጁ መሐመድ ዓሊ በሜይ ጋና ላይ ሲያገኘው ፊቱን አዞረበት፤ ዓሊ ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚህ መጸጸቱን ጽፏል።

አንዳንዶች ከሐጅ በኋላ ለአሜሪካ መንግሥት ለዘብ አለ ይላሉ። አልለዘበም። የሰውን ቀለም መክሰስ ተወ እንጂ በደሉን መክሰስ አልተወም። በጁን 1964 የመሠረተው ድርጅት በ1963 አዲስ አበባ ላይ በተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አምሳያ የተቋቋመ ነው። በጁላይ ካይሮ ሄዶ የአፍሪካ መሪዎች የጥቁር አሜሪካውያንን ጉዳይ ለተባበሩት መንግሥታት እንዲያቀርቡ ተማጸነ። በዚያው ዓመት ወደ ሀገራችን መጥቶም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ንግግር አድርጓል።

ፌብሯሪ 14 ቀን 1965 ሌሊት ቤተሰቡ በተኛበት ቤቱ ላይ የቤንዚን ጠርሙስ ተወረወረ። በሳምንቱ ኒውዮርክ ውስጥ ኦዱቦን በተባለ አዳራሽ (እሱም የዳንስ አዳራሽ ነበር) ንግግር ሊጀምር ሲል ሚስቱና ልጆቹ ባሉበት ተገደለ። 39 ዓመቱ ነበር። ሱዳናዊው ሼኽ አሕመድ ሐሱን አጥበው ከፈኑት። አላህ ይዘንለት።

በግድያው ሦስት ሰዎች ተፈረደባቸው። ጥፋቱን ያመነው አንዱ፣ ሁለቱ እጃቸው እንደሌለበት በችሎቱ ላይ መስክሮላቸው ነበር፤ የሰማው የለም። ሁለቱም ከሃያ ዓመት በላይ ታሰሩ። በ2021 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ፤ ነጻ የሚያወጣቸው ማስረጃ ተደብቆ እንደነበርም ታወቀ። ሙሐመድ ዐዚዝ ውሳኔውን በ83 ዓመቱ ሰማ። ኸሊል ኢስላም ግን በ2009 ሞቶ ነበር።