እግሮቿ ያልታዘዟት ሴትና እጅ እግሩ የሚንቀሳቀሰው ድብ

እ.ኤ.አ. በ1994 ለንደን ውስጥ ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ቤት አንድ አሮጌ የድብ አሻንጉሊት ለጨረታ አቀረበ። ድቡ በ110,000 ፓውንድ ተሸጠ። ወርቅ የለበትም፣ አልማዝ የለበትም፤ ጨርቅና ክር ነው። የተሠራው በ1904 ገደማ፣ ጊንገን በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዲህ ዓይነት ዋጋ ሲሰማ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል። እኔም የፋብሪካው ባለቤት ማን ነበር ብዬ ስፈልግ ያገኘሁት ታሪክ ከዋጋው በላይ ገረመኝ። እጅና እግሩ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሰውን ድብ ለዓለም ያበቃው ፋብሪካ መሥራች፣ በእግሯ መራመድ የማትችል ሴት ነበረች።

ስሟ ማርጋሬቴ ሽታይፍ ይባላል። የተወለደችው ጁላይ 24 ቀን 1847 ነው፤ እኛ ዘንድ ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው 8 ዓመት በፊት ማለት ነው። አባቷ ግንበኛ ናቸው፣ እሷ ከ4 ልጆች 3ኛዋ። ዓመት ተመንፈቅ ሲሆናት ኃይለኛ ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት እግሮቿ አልታዘዝ አሉ፤ ቀኝ እጇም ደከመ፣ ማንሳቱ ራሱ ያማት ጀመር። በሽታው የልጅነት ልምሻ ወይም ፖሊዮ ነበር። ዛሬ በየቤቱ እየዞሩ ሕፃናት አፍ ውስጥ ጠብ የሚያደርጉት ክትባት ያኔ የለም። የመጀመሪያው የፖሊዮ ክትባት ለሕዝብ የደረሰው በ1955 ነው፤ እሷ ከሞተች ከ46 ዓመት በኋላ።

ወላጆቿ ያልሞከሩት የለም። በ9 ዓመቷ ወደ ሌላ ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት፣ ከዚያም ቪልድባድ ወደሚባል የፍል ውሃ ከተማ ተላከች። ይሄ ለአምቦ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። በአንድ ወቅት ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው ከተማችን በማዕድን ውሃዋና በፍል ውሃዋ ነው የምትታወቀው። ስንቱ ጉልበቱን፣ ስንቱ ወገቡን ይዞ ተስፋ ሰንቆ መጥቶባታል! ማርጋሬቴም ተስፋ ሰንቃ ሄደች። ግን ውሃው እግሯን አልመለሰላትም።

ትምህርት ቤት የምትሄደው በእጅ በሚጎተት ጋሪ ነበር፤ የሚጎትቷት እህቶቿ፣ ወንድሟና የጎረቤት ልጆች ናቸው። ይሄን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ዕድሜዋ 17 አካባቢ ሲደርስ ግን አንድ ውሳኔ ወሰነች። ፈውስ ፍለጋ መንከራተቱ ይብቃ አለች። እግሬ አይድንም፤ ከዚህ በኋላ በሚሠራው አካሌ እሠራለሁ ማለቷ ነው።

የሚሠራው አካሏ ግራ እጇ ነው። ስፌት ተማረች። ቀኝ እጇ እያመማት መርፌ መያዝ ለመደች። ዚተር የሚባል፣ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ የሚመታ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ተምራ ለሌሎች እያስተማረች ገንዘብ ታገኝ ነበር። ከዚያ ለከተማዋ የመጀመሪያ ነው የሚባለውን የልብስ ስፌት መኪና ገዛች። እስቲ አስቡት፦ እኛ ሰፈር ያሉ ልብስ ሰፊዎች መኪናውን የሚነዱት በእግራቸው ነው። እሷ እግር የላትም። በእጅ የሚዞረው መዘውር ደግሞ ያለው በቀኝ በኩል፣ በደካማ እጇ በኩል ነው። ታዲያ ምን አደረገች? መኪናውን አዞረችው። ፊቱን ወደ ኋላ አድርጋ መዘውሩን በግራ እጇ ማዞር ጀመረች። ሰውነቷን ለመኪናው ማስማማት ካልተቻለ መኪናውን ለሰውነቷ አስማማችው፣ በቃ።

አባቷ የቤታቸውን አንድ ክፍል የስፌት ሥራ ቦታ አደረጉላት። በ1877 ከፌልት የተሠራ ልብስ የሚሸጥ የራሷን ሱቅ ከፈተች። ፌልት ሳይሸመን፣ የበግ ጠጉር ተጨቁኖና ተጠቅጥቆ የሚሠራ ጨርቅ ነው፤ ከተማዋ ውስጥ የዘመድ ፋብሪካ ስለነበረ ጨርቁን ማግኘት አልቸገራትም። በ1879 አንድ የፋሽን መጽሔት ላይ የዝሆን ስፌት ንድፍ አየች። መርፌ መሰኪያ እንዲሆን ሰፍታ ለወዳጅ ዘመድ ሰጠች። ልጆች ግን መርፌ መሰኪያ መሆኑን መቼ አወቁ፤ ተጫወቱበት። ወንድሟ ፍሪትዝ ዝሆኖቹን ገበያ አወጣቸው። በ1886 በዓመት ከ5,000 በላይ ዝሆን ሸጠች። ያ ዓመት እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ አጠገብ አዲስ አበባን የቆረቆሩበት ዓመት ነው። በ1893 ድርጅቷ የፌልት አሻንጉሊት ፋብሪካ ተብሎ በንግድ መዝገብ ገባ።

አሁን ወደ መጋጠሚያው ጉዳይ እንምጣ።

የፍሪትዝ ልጅ ሪቻርድ ሥዕል ተምሮ በ1897 አክስቱ ፋብሪካ ገባ። የእንስሳት ማቆያ እየሄደ ድቦችን ይሥል ነበር። በ1902 አንድ አዲስ ነገር አመጣ፦ 55 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ከጠጉራም ጨርቅ የተሰፋ፣ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ ድብ። መለያው 55ፒቢ ነበር። ማርጋሬቴ መጀመሪያ ተጠራጥራ ነበር፤ ጨርቁ ውድ ነው። አሜሪካ የተላከውም ናሙና ብዙ ወዳጅ አላገኘም። በ1903 ግን በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ማብቂያ ላይ አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ ባንድ ጊዜ 3,000 ድብ አዘዘ።

ችግሩ የመጣው ከመጋጠሚያው ነው። የ55ፒቢ እጅና እግር ከሰውነቱ ጋር የተያያዘው በክር ነበር። ልጅ ደግሞ ልጅ ነው፤ እጁን ያዞራል፣ በእግሩ አንጠልጥሎ ይጎትተዋል። ክሩ ይላላል፣ ይበጠሳል። ታዲያ ፋብሪካው የሚሸጥ ዕቃ አለኝ ብሎ አልተኛም። ከክር ወደ ሽቦ፣ ከሽቦ ወደ ብረት ዘንግ ሞከሩ። ብረት አይበጠስም፤ ግን ለመታቀፍ የተሠራን ነገር ግትር ያደርገዋል። በ1905 ዲስክ ላይ ደረሱ፦ ከጠንካራ ካርቶን የተቆረጡ ሁለት ክብ ነገሮች፣ አንዱ እጁ ውስጥ፣ ሌላው ሰውነቱ ውስጥ፣ በመሀላቸው የሚያልፍ አንድ ብረት። እስከ ዛሬ ደህና የሚባል የቴዲ ድብ በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠራው።

ልዩነቱን ማየት ለሚፈልግ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከነዚያ በክር ከተያያዙት 55ፒቢ ድቦች መካከል እስከ ዛሬ ተርፎ የተገኘ አንድም እንኳ አይታወቅም። በጨረታ በመቶ ሺህ ፓውንድ የሚሸጡት ከነሱ በኋላ የተሠሩት ናቸው።

እኔ አምቦ ውስጥ ከጽሑፉ ጎን ለጎን የተላቀቁ አሻንጉሊቶችን እጠግናለሁ። ከሸነን፣ ከጉደር፣ ከጊንጪ ሳይቀር ይመጡልኛል፤ አብዛኞቹ ከሰልባጅ ጋር የገቡ ናቸው። የሽታይፍ ድብ እጄ ገብቶ አያውቅም፣ ግን መጋጠሚያው ያው ነው። የድቡ እጅ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ መጀመሪያ ጀርባው ላይ ያለውን ስፌት በጥንቃቄ እፈታለሁ፤ ስፌቱን እንጂ ጨርቁን መቅደድ ነውር ነው። የተጠቀጠቀውን አውጥቼ ከትከሻው ውስጥ ያለውን ዲስክ አያለሁ። ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ውሃ ጠጥቶ ለስልሷል፣ ወይም ሁለት እግር ያለው ብረት ዝጓል። ስለዚህ አሮጌ ድብ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አትጠቡ፣ አደራ። አዲስ ዲስክ ቆርጬ፣ ሮንዴላ ጨምሬ፣ የብረቱን ሁለት እግሮች በፒንሳ ወደ ውጭ እየጠቀለልኩ አጠብቃለሁ። እዚህ ጋ ልክ ያስፈልጋል፦ ካላላችሁት ይንጠለጠላል፣ ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት ጨርቁን ይበላዋል። እጁ ባስቀመጡት ቦታ ሲቆም ልክ መጥቷል ማለት ነው። ዋጋ ያለው አሮጌ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ያወጣችሁትን ቁራጭ አትጣሉት፤ ሰብሳቢዎች ኦሪጅናሉን ይፈልጉታል።

ወደ ማርጋሬቴ ልመለስ። ድቡ በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በቴዎዶር ሩዝቬልት ቅጽል ስም ቴዲ ተባለ፣ ዓለምም አበደለት። በ1904 ከሌላው ለመለየት ሁሉም አሻንጉሊት ጆሮው ላይ የብረት ቁልፍ ይደረግበት ጀመር። በ1907 ፋብሪካው ወደ 974,000 ድብ ሠራ፤ ፋብሪካው ውስጥ 400፣ በየቤታቸው ደግሞ 1,800 ሰው ይሠራ ነበር። እሷ በተሽከርካሪ ወንበሯ እየዞረች አዳዲሱን አሻንጉሊት ራሷ ትፈትሽ ነበር። ሜይ 9 ቀን 1909 በሳንባ ምች ሞተች። 61 ዓመቷ ነበር። አግብታ አልወለደችም፤ ሥራውን የተረከቡት የወንድሟ ልጆች ናቸው። ፋብሪካው ዛሬም እዚያው ጊንገን አለ።

ይሄን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያወራው የወኔ ታሪክ አድርጎ ነው። ጠንክራ ሠራች፣ ተሳካላት፣ አንተም ትችላለህ። እኔ በዚህ ብቻ አልስማማም። ወኔማ ነበራት። ግን ሒሳቡን እንሥራው፦ ጋሪዋን የጎተቱ የጎረቤት ልጆች አሉ። ክፍል የሰጡ አባት አሉ። ጨርቅ ያቀረበ ዘመድ አለ። ዕቃዋን ገበያ ያወጣ ወንድም አለ። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ያቺ ግራ እጅ ብቻዋን የት ትደርስ ነበር? ድቡም ያው ነው። ዲስኩ ብቻውን ካርቶን ነው፣ ብረቱ ብቻውን ሽቦ ነው። እጁን የሚያንቀሳቅሰው አያያዛቸው ነው።

በየከተሞቻችን እግሩ አልታዘዝ ያለው ልጅ ስንት አለ? ከሸነን እስከ አምቦ ባለው መንገድ ዳር ባሉ ቤቶች ውስጥ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ የማያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ቤተሰቡ ልጁን ስለሚጠላው አይደለም፤ አንዳንዱ ፈውስ እየጠበቀ ነው። ጸበሉ፣ ፍል ውሃው፣ ሐኪሙ ይሞከር፤ ማንም አይከልክል። ግን ፈውሱ እስኪመጣ ትምህርቱ ለምን ይቆማል? ማርጋሬቴ ትምህርት ቤት የገባችው ከዳነች በኋላ አይደለም። በጋሪ ነው።

እኛ ወጣቶች ደግሞ ነገር ሲላላ መጣል ይቀናናል፤ ቻርጀር፣ ጫማ፣ አንዳንዴም ሰው። ጊንገን ውስጥ የነበሩት ሰዎች ክሩ ሲበጠስ ድቡን አልጣሉትም፣ መጋጠሚያውን ቀየሩት። የማይድነውን እግር ትተው የሚታረመውን አረሙ። ጎረቤታችሁ እንደዚያ ያለ ልጅ ካለ፣ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄዱ ወይም ታናናሾቻችሁን ስታደርሱ በሩን አንኳኩ። ዊልቸሩን የሚገፋ ሰው ነው የጎደለው ይሆናል።